የአልማዝ ጭራ

ኤጂዲዮ ኮሱታ፣ የትሪዬስቴው ሰፊ፣
ዐርባ ዓመት ሙሉ በመርፌ ጫፍ ጻፊ፤
ለዳኛው ካባውን፣ ለሙሽራው ሱፉን፣
ለሟች እንኳ ሳይቀር የስንብት ልብሱን።
ዛሬ ግን ለራሱ
ሸሚዝ አልችል አለ፣ እሳት ሆነው ልብሱ።

ባለፈው የካቲት
ከጀርባው ተነስቶ በጎኑ ዞረበት
ቀይ ቀበቶ መሳይ፣ ውኃ የቋጠረበት።
የሀገሩ ሰዎች
«የቅዱስ አንቶኒዮ እሳት ነው» ይሉታል፤
እኛ በቋንቋችን
አልማዝ ባለጭራ ብለን ሰይመናታል።
የእነሱ ስም ያውቃል እንዴት እንደመጣች፤
የኛ ግን ያውቃታል ምን ትታ እንደወጣች።

አልማዟ ሄደች፤ ቁስሉም ደርቆ ጠፋ፣
ጭራዋ ግን ቀረ፣
ከቆዳው ሥር ገብቶ ከነርቩ ተሰፋ።

በዚያች ከተማ ቦራ የሚሉት ነፋስ አለ፤
ከተራራ ወርዶ ባርኔጣ የሚነጥቅ፣
ሰው ግድግዳ ይዞ መንገድ የሚዘልቅ።
የኤጂዲዮ ነፋስ ግን እሱ አልነበረም፤
የሚስቱ የኔሪና ትንፋሽ ነው፣ በአንሶላው ጠርዝ የሚያልፍ፣
ገና ሳይደርስበት ጎኑን የሚገርፍ።
በጠባብ አልጋ ላይ ዐርባ ዓመት የኖሩ
በመሐላቸው ላይ ትራስ ደረደሩ፣
እንደ ሁለት ሀገር ድንበር አሠመሩ።

ሞርፊን ታዘዘለት። ታዲያ ሕመሙ ሄደ?
እንደ ጎረቤት ሬዲዮ፣
ከግድግዳው ማዶ ድምፁ ወረደ፣
አልጠፋም። የጠፋው ሌላው ነው።
ሆዱ ደረቀ፤ ቀን በወንበር አንቀላፋ፤
ኔሪና ስታወራው «እህ» ሆነ መልሱ፣
አቧራ ጠገበ፣ ዛገበት መቀሱ።
መጠኑን ቢጨምሩ እንቅልፍ ጨመሩለት፣
ቢቀንሱ እሳቱን መልሰው ለኮሱለት።

ዶክተር ዝላታ «ሕመምህ ከአሥር ስንት ነው?» ብላ፣
«ስምንት» ሲላት ጻፈች።
ቀጥላም «ከመቼ ወዲህ ነው
እየሰፋህ ማንጎራጎር የተውከው?»
መስኮቱን አየ። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።
«ከየካቲት» አለ።

ትንሽ ክኒን አዘዘች፣ ማታ የምትዋጥ፣
ለድብርት የተሠራች፣ ያረጀች መድኃኒት።
ኔሪና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለች፦
«ጎኑን ነው ያመመው፣ ምን ነካው ራሱን?
በውሸት ነው ልትሉ ነው እሳቱ የሚፈጀው እሱን?»

«ሁለት ክር ነው» አለች፣ «አብሮ የተፈተለ፤
አንዱን ብቻ ስቦ ማን ሊፈታ ቻለ?
የሕመምን በር የሚጠብቅ ዘበኛ ከአንጎል ይላካል፤
ሰው ሲከፋው ግን ዘበኛው ይደክማል፣
ሞርፊን ብቻውን በር ይዞ እስከመቼ ይቆማል?
ይቺ ለዘበኛው ናት። አትቸኩልም።
አፍ ታደርቃለች፤ ስትነሳ ግድግዳ ያዝ።
ሁለቱ አብረው ያደነዝዛሉና፣ እኔ ሳልል
አንዲት ፍሬ አትጨምር።»

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም። በሁለተኛውም ምንም።
በአራተኛው፣ አንድ ማክሰኞ ሌሊት፣
እስከ ንጋት ተኛ፤ ኔሪና ግን ፈርታ
ትንፋሹን ስትቆጥር አደረች።
በስድስተኛው የሞርፊኑ ሩብ ተቀነሰለት።
በስምንተኛው የጎረቤቱን ሱሪ አይቶ
«ይህን የሰፋው ሰው የለካው እግር ነው ወይስ ጃንጥላ?» አለ።
ኔሪና ወደ ጓዳ ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ አለቀሰች።

ሕመሙ አለ።
ዶክተሯ መዝገቧ ላይ «ከስምንት ወደ አራት» ትላለች፤
ኔሪና ቁጥር አታምንም፣ ትራስ ትቆጥራለች፤
ከሦስት ወደ አንድ።

ትናንት መቀሱን ሳለ፤ ለራሱ የሐር ሸሚዝ ቆረጠ፤
አንዲት ክር ጎኑን እንዳትነካ
ስፌቱን በሙሉ ወደ ውጭ ገለበጠ።
በወደቡ መንገድ «ገልብጠህ ለብሰሃል!» ሲሉት
«አውቃለሁ» ይላል፣ «ልኬን ነው የሰፋሁት።»

ጠዋት አዝራሩን የምትቆልፈው ኔሪና ናት፣
ከላይ ሦስቱን።
አራተኛው እምብርቱ አጠገብ ነው፤
እሱን ገና።